የገዥው ግቢ ከአየር ላይ

በጃንሆይ ዘመን ነቀምት ከተማ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከሸዋ መጥቶ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የተቀጠረ ሰው ነው። እኔ ግን እዚያው ነቀምት ተወልጄ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ እየተጣላሁና እየታረቅሁ ያደግሁ ነኝ። ክፍል ውስጥ ሒሳብና ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከክፍል ውጭ ሥዕል እሥላለሁ። ሰውን የሚያስጨንቀው ይኸ ሁለተኛው ነበር።

እናቴ ሥዕል የመሪጌታ ሥራ ነው ትል ነበር፤ ያውም ጾሞ፣ ጸልዮ፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ።

«አበባ ካማረሽ ጨርቅ ላይ ጥለፊ» ትለኛለች። «ወረቀት ላይ የሣልሽውን ማን ይለብሰዋል?»

«የሚለበስ ነገር ብቻ ነው እንዴ የሚሠራው?»

«ሴት ልጅ የሚለበስና የሚበላ ነው የምትሠራ።»

አንድ ጊዜ ሽማግሌ የላከ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቤታችን ሊያየኝ ሲመጣ ጣቶቼ ሁሉ ቀለም ነበሩ። እናቴ ከጓዳ ሆና በዓይኗ «ታጠቢ» አለችኝ፤ አልታጠብኩም። ሰውየው ጣቴን እያየ ጠጅ ጠጣ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ አልላከም። እናቴ ለሳምንታት አኮረፈችኝ። እኔ ደህና ተኛሁ።

ጓደኛዬን ያገኘኋት በአንዲት ተማሪዬ ምክንያት ነው። ልጅቷ ክፍል ውስጥ በትኩሳት ወደቀችና ይዤያት ወደ ሚሲዮን ሆስፒታል ሄድኩ። ተራ እስኪደርሰን ከዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ተቀምጬ፣ የተሰለፉትን ሴቶችና በመካከላቸው ወዲያ ወዲህ የምትለውን ነጭ ለባሽ ነርስ በእርሳስ መሣል ጀመርኩ። ነርሷ ተማሪዬን ተቀብላ አስተኛቻት፣ መርፌ ወጋቻት፣ ከዚያም መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አለችኝ፤ አማርኛዋ የኦሮምኛ ዜማ ነበረው።

«አዎ።»

«አፍንጫዬን ለምን አቀናሽው?»

ወረቀቱን አየሁት። እውነቷን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደማያቸው መላእክት ቀጥ ያለ አፍንጫ ሰጥቻታለሁ፤ ሳላስበው።

«የኔ ሰፊ ነው» አለች። «ያባቴ ነው። መልሽልኝ።»

ላጲስ አውጥቼ መለስኩላት። ጎንበስ ብላ አየችና «አሁን እኔ ነኝ» አለች። ተማሪዬ ድና ከሆስፒታል እስክትወጣ በየቀኑ እመላለስ ነበር፤ ልጅቷ ከወጣችም በኋላ መመላለሴ አልቀረም።

የተወለደችው ደምቢ ዶሎ አካባቢ ነው። አባቷ የወንጌል ሰባኪ ናቸው። እሷ በመዘምራን ትዘምራለች፣ ጮክ ብላ ትሥቃለች፣ የማይጥማትን ነገር በፊትሽ ትናገራለች። ቅዳሜ ከሰዓት ከከተማው ወጣ ብለን እንሄዳለን፤ የተቀቀለ አንጮቴ በቅጠል ጠቅልላ ታመጣለች። የአንጮቴው ሥር እንደ ድንች ነው፣ ግን ከድንች ይልቅ ሆድ ይይዛል። እሱን እየበላን የሣልኳቸውን አንድ በአንድ ትገመግማለች። «ይቺ ላም ላም አይደለችም፣ ወንበር ናት» ትላለች። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ሌላው ሰው ወይ «ጎበዝ» ይለኛል፣ ወይ «ምን ያደርግልሻል» ይለኛል፤ ላሟን ያየልኝ የለም።

ከተማው ግን ዝም አላለም። በእኛ ሰፈር «ከጸረ ማርያም ጋር ምን አላት?» ተባለ። በሚሲዮኑ በኩል ደግሞ «ከሹማምንቱ ልጅ ጋር ምን ፈልጋ ነው?» ተባለ። እናቴ በጾም ቀን ከነርሷ ቤት ቅቤ በልቼ እንደሆነ አፌን ልታሸት ቃጣት። እኔና ጓደኛዬ ግን ያለ ብዙ ንግግር ተስማምተን ነበር፤ በጾሜ ቀን እፊቴ ቅቤ አትበላም፣ እኔም በጸሎቷ ላይ አልሥቅም። ከዚህ የበለጠ የሚጠይቀን ሃይማኖተኛ ካለ ይምጣ አልን። ማንም አልመጣም፤ ከሩቅ ማውራቱ ይቀላል።

በአንዱ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ነይ፣ ደምቢ ዶሎ አባቴ ዘንድ እንሂድ» አለችኝ። መንገዱ በክረምት መንገድ አይባልም፤ የጭነት መኪና ዴዴሳ ቁልቁለት ላይ ከገባ ጭቃው እስኪደርቅ እዚያው ይከርማል። ስለዚህ በአውሮፕላን ነበር ያሰበችው። እሷ አንድ ጊዜ በሽተኛ አጅባ ሄዳበታለች።

አባቴ ስነግረው መነጽሩን አወለቀ። «ቢወድቅ ማንን እከሳለሁ?» አለኝ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነውና ሁሉንም ነገር በከሳሽና በተከሳሽ ነበር የሚያየው።

«ያኔ እኔን ይክሰሱኝ፣ አባባ።»

«መጥሪያው በየት በኩል ይደርስሻል?» አለና ሳይፈልግ ሣቀ። ሲሥቅ ጊዜ ሻንጣዬን አነሳሁ።

የአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላኑ ከመድረሱ በፊት ዘበኛው ከብቶቹን እየጮኸ ያባርራል። የአየር መንገዱ ወኪል ቡና በሚመዘንበት ሚዛን ተሳፋሪውንም ይመዝናል። ከፊታችን የነበሩ እመቤት «እኔ ቡና ነኝ?» ብለው አልወጣም አሉ፤ ወኪሉም ለምኖ ሲያቅተው በዓይኑ ገምቶ ጻፋቸው። ዳኮታ የሚባለው አውሮፕላን መጣ፣ በሣሩ ላይ እየነጠረ ቆመ። ውስጡ እንደ መጋዘን ነው፤ ግራና ቀኝ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የብረት አግዳሚ፣ መሀሉ ላይ ጆንያና ቆዳ፣ እግሩ የታሰረ በግ። መስኮቶቹ ከጀርባችን ናቸው። ሰው ሁሉ ፊት ለፊት እየተያየ፣ ጆንያውን እየጠበቀ ይሄዳል።

ሲነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ዓይንሽን ለመጨፈን ነው የመጣሽው? ዙሪ! ኢላሊ!» ኢላሊ ማለት በኦሮምኛ «ተመልከች» ማለት ነው።

ዞሬ በጉልበቴ አግዳሚው ላይ ወጣሁ፣ ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ።

ነቀምት ከታች ነበረች። ቆርቆሮው ያበራል፤ የሣር ክዳኖቹ ከዝናብ በኋላ እንደሚወጣ እንጉዳይ ተበትነዋል። የማርያም ቤተ ክርስቲያን ክብ ጣራና የሚሲዮኑ ረጃጅም ጣራዎች፣ ስንት ሐሜት የተመላለሰባቸው፣ ጎን ለጎን ነበሩ፤ አውራ ጣቴን መስታወቱ ላይ ሳሳርፍ ሁለቱም አንድ ላይ ተሸፈኑ። ከዚያ የገዥውን ግቢ ፈለግሁ። በዚያ ግቢ አጠገብ ስናልፍ ነጠላ እናስተካክላለን፣ ድምፅ እንቀንሳለን፣ ወንዶቹ ባርኔጣ ያወልቃሉ። ፈልጌ አጣሁት። በኋላ በባሕር ዛፉ ሰልፍ ለየሁት። ከገበያው አጠገብ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ሣቄ አመለጠኝ።

ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ የቡና ነጋዴ ተቆጡ። «እህቴ፣ ሴት ልጅ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ትንበረከካለች? ነውር አይደለም?»

«ጋሼ፣ ነውሩ ይህን ሳያዩ ማለፍ ነው። እስኪ እርስዎም ይዙሩ።»

ነጋዴው ወዲያና ወዲህ አዩ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ቀስ ብለው ዞሩ። እስክናርፍ ድረስ ፊታቸውን አልመለሱም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለራሳቸው «ያ እኮ የኔ ማሳ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።

የዴዴሳ ሸለቆ ሲመጣ ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ጉም ተሸክሞ፣ እየተጠማዘዘ ይሄድ ነበር። የደመናዎቹ ጥላ ኮረብታ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከብት እንኳ እንደዚያ በዝግታ አይሄድም። ከጫካው አረንጓዴ እስከ በቆሎው አረንጓዴ፣ ከበቆሎው እስከ ረግረጉ፣ የትየለሌ ዓይነት ነበር፤ ለሁሉም «አረንጓዴ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ስላለን ተናደድኩ። እየተናደድኩ እንባዬ መጣ። ጓደኛዬ አንገቷን ከአንገቴ አጠገብ አድርጋ ታያለች። እዚያ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ይህን ደስታ ማንም ቢጠይቀኝ አላሳንሰውም፣ «ዝም ብሎ ጨዋታ ነው» አልልም።

ደምቢ ዶሎ የጠበቁን አባቷ ረጅም፣ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። በኦሮምኛ «ልጄ» ብለው ተቀበሉኝ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ቢያውቁም ያንን አላነሱም። ማታ ከእራት በፊት ከአውሮፕላኑ ያየሁትን ንገሪኝ አሉኝ። መንገር አቃተኝና በወረቀት ላይ ሣልኩላቸው፤ ተዳፋቱን፣ ጅረቱን፣ ልናርፍ ስንል ልጃቸው ያሳየችኝን ቤታቸውን፣ ከቤቱ በታች ያለውን ቡና። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«በእኔና በጎረቤቴ መካከል ያለው ድንበርስ የታለ?»

«ከላይ አይታይም፣ አባ።»

«ምንም?»

«ምንም። ቡናው አንድ ላይ ነው።»

ጓደኛዬ ሣቋን ልትይዝ ሞከረች። አባቷና ጎረቤታቸው በዚያ ድንበር ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ኖረዋል። ሽማግሌው ወረቀቱን አንስተው ወደ መብራቱ አስጠጉትና ድንገት ሣቁ፤ ሣቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። «ነገ ለእሱ አሳየዋለሁ» አሉ። አሳዩትም። ጎረቤትየው መጥቶ አጥሩ የታለ ብሎ ተከራከረኝ፤ ክሱ ግን እኔ እስካውቀው ድረስ አልቀረም። ሥዕል ያን ያህል አይችልም። ቢያንስ አንድ ቀን አብረው ቡና ጠጡ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤታችን አዲስ አዳራሽ ተሠራለት። ዳይሬክተራችን ከጎጃም የመጡ፣ ቀጭን፣ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ፤ ወረቀት ሲፈርሙ እንኳ ዞር ዞር ይላሉ። ቢሯቸው ጠሩኝና «ለምረቃው ገዥው ይመጣሉ። ትልቁ ግድግዳ ላይ ጠቅላይ ግዛታችንን ሣዪልን፤ ተራራ ይኑረው፣ ቡና ይኑረው፣ ደስተኛ ሕዝብ ይኑረው፣ መሀል ላይ ደግሞ የገዥው ግቢ» አሉኝ።

«ወለጋን እንዳየኋት እሥላታለሁ» አልኩ።

እሳቸው የሰሙት «እሥላታለሁ» የሚለውን ብቻ ነው።

የዘይት ቀለም የተገኘው ከአረቡ ሱቅ፣ ለበርና ለመስኮት የሚሸጠው ነው፤ የቀረውን ቀይ አፈር እያነፈስኩ ቀላቀልኩ። ጓደኛዬ ከሥራ ስትወጣ በነጭ ልብሷ ላይ አሮጌ ጋቢ ታስርና ትመጣለች። ቀለም ታዋሕዳለች፣ መሰላል ትይዛለች፣ ትዘምራለች። ዴዴሳን ግን አላስነካችኝም። «ይኸ ወንዝ የኔ ነው» ብላ እራሷ ሣለችው፤ አንዱን ጥምዝ ወደ ማይሆን ቦታ ወሰደችው። እንዳለ ተውኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን የተደሰትኩበት ጊዜ ብዙ አይደለም። እጃችን ቀለም፣ ፀጉራችን ቀለም፣ አዳራሹ ውስጥ የሁለታችን ድምፅ ሲያስተጋባ።

ዳይሬክተሩ እየመጡ ያዩና «ካርታ ነው?» ይላሉ። «ካርታ አይደለም» እላለሁ። «እሺ፣ ይሁን» ብለው ይሄዳሉ።

የምረቃው ቀን ገዥው ከነአጃቢዎቻቸው መጡ። ከግድግዳው ፊት ቆሙና ረጅም ጊዜ አዩ። እኔ ጎን ቆሜያለሁ፤ ጓደኛዬ ከበሩ አጠገብ ከእንግዶቹ መካከል ናት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ወለጋ ናት፣ ክቡርነትዎ። ከአውሮፕላን ስትታይ።»

ደስ አላቸው። በከዘራቸው እያመለከቱ ዴዴሳን ለዩ፣ የአንገርን ወንዝ ለዩ፣ ወደ አኖ የሚወስደውን መንገድ ለዩ። አደን የወጡበትን ጫካ አግኝተው ለአጃቢዎቻቸው አሳዩ። ከዚያ ነቀምት ላይ ደረሱ።

«የኔስ ግቢ?»

«ይኸው፣ ክቡርነትዎ።»

ጎንበስ አሉ። የጣት ጥፍር የምታህል ነበረች፤ ባሕር ዛፏን ግን በጥንቃቄ ነበር የሣልኩት።

«ከገበያው ያንሳል።»

«ገበያው ይበልጣል፣ ክቡርነትዎ።»

አንድ ሰው አሳለ። ሌላው ጫማውን አየ። ገዥው ቀና ብለው ተመለከቱኝ።

«አንቺስ ከላይ ስትታዪ ምን ያህል ነሽ?»

«ራሴን ፈልጌ አጥቻለሁ፣ ክቡርነትዎ።»

ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ይሥቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ብቻቸውን አልነበሩም፤ አጃቢዎቹ ሁሉ ፊታቸውን እያዩ፣ መቆጣት ይሁን መሣቅ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ዞረው ወጡ። ንግግር ይደረጋል የተባለው ቀረ፣ ዳቦውም ሳይቆረስ ቀረ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ጠሩኝ። ከትምህርት ቢሮ የመጣ አንድ ወፍራም ሰው አጠገባቸው ተቀምጧል።

«አሳድጊውና ይለቅ» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ቀስ ብለው። «ትንሽ ሰፋ አድርጊው፣ ባንዲራ ስቀይበት፤ በቃ።»

«ካሳደግኩት ገበያው ላይ ይወጣል። ገበያው የት ይሂድ?»

የቢሮው ሰው ጠረጴዛውን መታ። «ገበያው ገደል ይግባ! ወይ ታሳድጊዋለሽ፣ ወይ በገዛ እጅሽ ኖራ ትቀቢዋለሽ፣ ወይ ጠረፍ ትሄጂያለሽ። አንዲት ቁራጭ ግቢ ለማሳደግ ይህን ያህል?»

«ቁራጭ ከሆነች ለምን እንደ ቁራጭነቷ አትተዋትም?» አልኩት።

ቤት ስገባ አባቴ ወሬው ደርሶታል። አልተቆጣም፤ ያ ነው የከበደኝ። «ልጄ፣ ጥፍር የምታህል ነገር ናት አሉ። ሰው በጥፍር ምክንያት ከአገሩ ይወጣል?» አለኝ። እናቴ ማልቀስ ጀመረች። እውነት ለመናገር ያን ማታ ልቤ ተንገዳገደ። ብሩሹ አለ፣ ቀለሙ አለ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ የማይፈጅ ሥራ ነው።

በነጋታው ሆስፒታል ሄጄ ጓደኛዬን ከመርፌ መቀቀያው አጠገብ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳትና «ምን ላድርግ?» አልኳት።

መቆንጠጫውን አስቀመጠች።

«የኔን አፍንጫ ስታቀኚው ውሸት ነው አልኩሽ፤ አስተካከልሽው» አለች። «ለኔ ውሸት የሆነ ለሱ ምን ብሎ እውነት ይሆናል? ወይስ እኔ ነርስ ስለሆንኩ ነው?»

ሌላ ምክር አላስፈለገኝም። በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄጄ ለዳይሬክተሩ «አላሳድግም፤ ኖራም አልቀባም፤ የሚቀባ ካለ ይቅባ» አልኳቸው።

እሳቸው ከዚያ የሠሩትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ፈሪ ናቸው ብዬ ያሰብኩባቸውን ዓመታት ሁሉ አፍርሶብኛል። ከግምጃ ቤት ትልቁን የጃንሆይን ፎቶግራፍ በወርቃማ ክፈፉ አስወጡና፣ ልክ ነቀምት ላይ፣ ልክ ግቢው ላይ አሰቀሉት። የቢሮው ሰው ኖራ ቀቢ ይዞ ሲመጣ ዳይሬክተሩ እጃቸውን ኋላ አጣምረው ቆመው ነበር።

«ግድግዳውን ለመቀባት የግርማዊነታቸውን ምስል ማውረድ ያስፈልጋል» አሉት። «ትእዛዙን በጽሑፍ ስጠኝና አወርደዋለሁ።»

ሰውየው ፎቶግራፉን አየ፣ ዳይሬክተሩን አየ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ላይ ስሙን የሚያሰፍር ሰው በዚያ ዘመን አልተወለደም። ኖራ ቀቢው ባልዲውን ይዞ ተመለሰ። ዴዴሳ ከነጠማማ ጥምዙ፣ ጫካው፣ አንገር፣ ሁሉም እንደነበረ ቀረ፤ ገበያውም ሳይቀር፣ ከክፈፉ ጎን ብቅ ብሎ።

እኔን ግን አላተረፉኝም። ወደ ቤጊ ተዛወርኩ፤ ቤጊ የሱዳን ጠረፍ ናት፣ ለመምህራን ቅጣት ማለት ነበረች። የዝውውሩን ወረቀት የሰጠኝ ጸሐፊ አንገቱን ደፍቶ «በጣም ሩቅ ነው፣ እህቴ። መኪና እንኳ በቅጡ አይገባም። በአውሮፕላን ነው የምትሄጂው» አለኝ።

«በአውሮፕላን?» አልኩና ሣቅሁ። የተሳለቅሁ መስሎት ተቀየመ። አልተሳለቅሁም። ሊቀጡኝ አስበው መስኮት ሰጡኝ።

ማረፊያው ሜዳ ድረስ እናቴም ጓደኛዬም መጡ። እናቴ እስከዚያ ቀን ለነርሷ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አትሰጣትም ነበር። ከብቶቹ እየተባረሩ፣ ዳኮታው ከሩቅ እያጉረመረመ ሳለ ዞር አለችባት።

«አንቺ አብረሻት አትሄጂም?»

«ሥራ አለኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያ ማን አለላት?» አለችና እጇን ያዘቻት። ስነሳ በመስኮቱ ቁልቁል አየኋቸው፤ ሁለት ነጫጭ ነጥቦች፣ ተጠጋግተው። የትኛዋ እናቴ፣ የትኛዋ ጓደኛዬ እንደሆነች መለየት አልቻልኩም።

ቤጊ ቀላል ነበረች ብዬ አልዋሽም። ሙቀቱ ይከብዳል፣ ወባው ሁለት ጊዜ ጥሎኛል፣ ትምህርት ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። ብቸኝነት ነበረ፤ ዝናብ ሲያወርደው የሚውልበት ቀን፣ ከማንም ጋር የማላወራበት። ግን ግድግዳ ነበር። ከሰል ነበር። ሴቶቹ ተማሪዎቼ ከትምህርት በኋላ እየቀሩ የውጭውን ግድግዳ በወፍ፣ በዝሆን፣ በእናቶቻቸው ፊት ሞሉት። መንደርተኛው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቆይቶ የራሱን ፊት ሊፈልግ ይመጣ ጀመር። ማንንም አላቆነጀንም። የሁሉም አፍንጫ የራሱ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከትምህርት ቢሮ መልእክት መጣ፤ የይቅርታ ማመልከቻ ብጽፍ ወደ ነቀምት እመለሳለሁ። አባቴም አማላጅ ልኮ «ሁለት መስመር ይበቃል» አለኝ። አልጻፍኩም። ምን ብዬ? ስላየሁት ይቅርታ? ደስ ስላለኝ ይቅርታ? ከሥራ የሚያስወጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ቤጊ ሌላ ሰው የሚመጣበት ቦታ አይደለምና ረስተውኝ ቀሩ። በኋላ ገዥው ሲለወጡ እኔም ያለ ማመልከቻ ተመለስኩ።

ከቤጊ ዘመን ይበልጥ የማስታውሰው ግን ጓደኛዬ በዕረፍቷ የመጣችበትን በጋ ነው። ለሁለታችንም የተጠራቀመች ትንሽ ገንዘብ ነበረችን። «ምን እንግዛባት?» አለችኝ። ጫማዬ ተቀዶ ነበር፣ የእሷም ጃንጥላ ተሰብሮ ነበር። ተያየንና ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነበር። ጠዋት ወደ ቤጊው የአየር መንገድ ወኪል ሄድን፤ ከዋርካ ሥር ጠረጴዛና ሚዛን አለው።

«ወዴት?»

«መንዲ። በሚመለሰው ደግሞ እዚሁ።»

«መንዲ ማን ታሞባችሁ ነው?»

«ማንም አልታመመም» አለች ጓደኛዬ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም።»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። «ታዲያ ሰው ምን ሊሠራ በአውሮፕላን ሄዶ በአውሮፕላን ይመለሳል?»

«ለደስታችን ነው» አልኩት።

«ለደስታ» አለ፣ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። «እንዲህ ያለ ተሳፋሪ ኖሮኝ አያውቅም።»

«ይኸው አሁን ሁለት አለህ» አለችው፣ ሚዛኑ ላይ እየወጣች።

በዚያ ቀን በረሃው ሣር ይቃጠል ነበር፤ ጭሱ መስመር እየሠራ፣ የዳቡስ ወንዝ በመካከሉ እንደ ብረት ያበራል። አየሩ ሞቃት ስለነበር ዳኮታው ይወድቃል ይነሳል፤ ጓደኛዬ አንዴ ታቀረሽና አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ተመልሳ መስታወቱ ላይ ትለጠፋለች። አንድ ቄስ «ለምን አርፋችሁ አትቀመጡም?» አሉን። አልተቀመጥንም። ሁለታችን በአንዲት መስኮት፣ በጉልበታችን፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተያይዘን፣ እኔ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ወረቀት ይዤ እየሣልኩ፣ እሷ ከሞተሩ ጩኸት በላይ እየጮኸች፦

«ወንዙን ወደ ግራ አጠፍሽው እኮ! ወደ ቀኝ ነው! ወደ ቀኝ!»